ብርቄና ቀዩ ከረጢት

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ስድስት ኪሎ፣ ከጃንሜዳ ጀርባ፣ በአያቴ ግቢ ነው። አያቴ ፈረስ ወዳድ ነበሩ፤ ጋጣቸው እስከ ዛሬ አልፈረሰም። ከሦስት ዓመት በፊት ከሰላሌ አንዲት ባዝራ ገዛሁ። ብርቄ እንላታለን። ቁመቷ 1 ሜትር ከ12 ነው። ያያት ሁሉ ‹ይቺ እኮ ሚኒ ፈረስ ናት› ይለኛል። ቲክቶክ ላይ እንደማያቸው ያሉ ትንንሽ ፈረሶች ማርባት አማረኝ፤ ለልጆች ልደት፣ ለፎቶ፣ ለራሴም ደስታ። አጭር ድንጉላ ፈልጌ አስጠቃኋት። ያዘች። መውለጃዋ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ጡቷ ወተት ማንጠባጠብ ጀመረ፤ ቤቱ ሁሉ በደስታ ፈነደቀ። ሚያዝያ ላይ ሌሊት አማጠች። መጀመሪያ የወጣው ቀይ፣ ከፈይ የመሰለ ከረጢት ነው። የሽርት ውሃው ነው ብለን እስኪፈነዳ ጠበቅን። አልፈነዳም። ውርንጭላው ሲወጣ ሞቷል። አጎቴ ዓይን ነው ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ ድንጉላው ትልቅ ሆኖባት ነው፣ ከዚህ ያነሰ ፈልግ ይለኛል። የስምንት ዓመት ልጄ በየቀኑ ‹ብርቄ መቼ ነው ሌላ የምትወልደው?› ትለኛለች። ልሞክር ወይስ ልተወው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናህ። «ለፈረስ?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አስራ አንድ ወር ጠብቆ በማለዳ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ግን አይልም።

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ ሁለት ቦታ አሰመርኩ፤ ወተቱ ላይና ቀዩ ከረጢት ላይ። ከከረጢቱ ልጀምር።

ባዝራ በደህና ስትወልድ የእንግዴ ልጁ እዚያው ውስጥ ይቀደድና ውሃ ይፈሳል። ብዙ ውሃ ነው፣ ባልዲ የተደፋ ይመስላል። ከዚያ ብቅ የሚለው ነጣ ያለ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ስስ ሽፋን ነው። በሽፋኑ ውስጥ አንድ የፊት እግር ይታያል፤ ሌላኛው ትንሽ ወደኋላ ቀርቶ ይከተላል፤ ከዚያ አፍንጫ። ቀይ ከመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ያ ከፈይ የመሰለው ነገር የእንግዴ ልጁ የውጭ ፊት ነው፣ ከማህፀኑ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የኖረው። እሱ ቀድሞ ወጣ ማለት ከግድግዳው ተላቋል ማለት ነው። ውርንጭላው ኦክስጅን የሚያገኘው በእሱ በኩል ብቻ ነበር። ከእናቱ ተቋርጧል፤ በአፍንጫው እንዳይተነፍስ ደግሞ ገና ከረጢት ውስጥ ነው። የቀረው ጊዜ የሚቆጠረው በደቂቃ ነው።

እዚያ ላይ መጠበቅ የለም። ከረጢቱን ወዲያው በመቀስ መቅደድ፣ መቀስ ከሌለ ባገኙት ነገር በጥንቃቄ። ከዚያ እጅን አስገብቶ ሁለቱን እግሮች መያዝ፣ እሷ ስታምጥ አብሮ ወደ ታች፣ ወደ ኋላ እግሯ ቋንጃ አቅጣጫ መሳብ። ሐኪሙን ሌላ ሰው ይደውልለት። እኔ መኪና አስነስቼ ከፒያሳ ስድስት ኪሎ እስክደርስ ሁሉ ነገር ያልቃል።

አንተን ለማጽናናት ብዬ አልዋሽህም። ያኔውኑ ተቀድዶ ቢሆን ኖሮ በሕይወት የመውጣት ዕድል ነበረው። ግን ይህን የሚያውቅ ሰው በአዲስ አበባ ስንት ነው? እኔ ራሴ ቢሾፍቱ ስማር ያወቅኩት በወረቀት ነው። በዓይኔ ያየሁት ከተመረቅኩ ስንት ዓመት በኋላ ነው፣ ያኔም እጄ ተንቀጥቅጧል። አላወቃችሁም፣ ስለዚህ ጠበቃችሁ። ሌላው ሰውም ይጠብቅ ነበር።

አሁን ወደ ወተቱ። ከሁሉ ያዘንኩት እዚህ ጋ ነው። ቤተሰቡን ሁሉ ያስፈነደቀው ነገር ራሱ የአደጋው ምልክት ነበር።

የባዝራ ጡት ከመውለጃዋ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሳምንት ቀደም ብሎ መሙላት ይጀምራል። ያ ደህና ነው። ሊወለድ አንድ፣ ሁለት፣ ቢበዛ አራት ቀን ሲቀረው ጫፉ ላይ ሰም የመሰለ ጠብታ ይደርቃል። ያም ደህና ነው። ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወተት የሚያንጠባጥብ ጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ እንግዴ ልጁ ነው። ከታች በኩል ባክቴሪያ ገብቶ የእንግዴ ልጁ ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ቀስ በቀስ መላቀቅ ይጀምራል። የባዝራዋ ሰውነት መውለጃዋ የደረሰ መስሎት ወተቱን ይለቀዋል። አንዳንዴ ከብልቷ ትንሽ ፈሳሽ ይታያል፣ ጭራዋ ሥር ይደርቃል። ሁልጊዜ ግን አይታይም። ምጡ ሲመጣ የወፈረው የእንግዴ ልጅ እንደ ልቡ አይቀደድም፤ ሙሉውን ተላቆ ቀድሞ ይወጣል። ቀዩ ከረጢትህ ይኸው ነው። ብርቄን ሳልመረምር በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ሁለቱን ምልክቶች አንድ ላይ ሳያቸው ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው።

በዚያ ሳምንት ብትደውልልኝ አልትራሳውንድ ይዤ መጥቼ የእንግዴ ልጁን ውፍረት እለካ ነበር። አንቲባዮቲክና የእብጠት መድኃኒት እጀምርላት ነበር። ሁሉም አይድንም፤ አንዳንዱ ግን ይድናል።

ደግሞ አንድ ነገር ጨምር። ያ የተንጠባጠበው እንገር ነበር። ውርንጭላ ሲወለድ በደሙ ውስጥ በሽታ የሚከላከልበት ነገር የለውም ማለት ይቻላል፤ ሁሉንም የሚያገኘው ከእንገር ነው። አንጀቱ ያንን የሚቀበለው ደግሞ የመጀመሪያው ቀን እስኪያልፍ ብቻ ነው፤ ከዚያ በሩ ይዘጋል። ስለዚህ በሕይወት ቢወጣ እንኳ ከሌላ ባዝራ እንገር ወይም በደም ሥር ፕላዝማ (የደም ውሃማ ክፍል) ካላገኘ በሳምንቱ ልታጣው ትችል ነበር።

አጎትህን አልቀየማቸውም። ዓይን ይላሉ፤ ሰው ያላየው ነገር ሲገድልበት ስም ይፈልግለታል። ጠበሉንም ክታቡንም አልከለክልም፤ መቀሱም አብሮ ይኑር።

የጓደኛህ ምክር ግን ያሳስበኛል። ከዚህ ያነሰ ድንጉላ ፈልግ ያለህ ነገሩን በግማሽ ስለሚያውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ዋልተንና ሃሞንድ የተባሉ ሁለት ሰዎች እንግሊዝ ውስጥ፣ ካምብሪጅ፣ ያሳተሙት ዝነኛ ሙከራ አለ። ሻየር የሚባለውን ግዙፍ የጋሪ ፈረስና ሼትላንድ የሚባለውን ትንሽ ፖኒ በሰው ሠራሽ ዘዴ አዳቀሉ፤ በሁለቱም አቅጣጫ። አባትየው ሻየር፣ እናትየዋ ሼትላንድ ስትሆን ውርንጭላው ትንሽ ሆኖ ተወለደ፤ ከሼትላንድ ውርንጭላ እምብዛም አይበልጥም። እናትየዋ ሻየር ስትሆን ግን የተወለደው ሦስት እጥፍ ያህል ይመዝን ነበር። ምክንያቱ የፈረስ የእንግዴ ልጅ በማህፀኑ ግድግዳ በሙሉ ላይ ተዘርግቶ መያዙ ነው። ማህፀኑ ጠባብ ከሆነ ምግቡም በልኩ ነው፤ ውርንጭላው ከቤቱ በላይ አያድግም። ባዝራ መንታ ስታረግዝ ብዙ ጊዜ የምታስወርደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ግድግዳው ለሁለት አይበቃም።

ይህን ስል እንደ ግመል የቆመ ድንጉላ አምጣላት ማለቴ አይደለም። የሷን ያህል ወይም ትንሽ ያነሰ ይበቃል። ሚያዝያ ላይ የሆነውን ግን የድንጉላው ቁመት አላመጣውም።

አሁን የማትወደውን ልንገርህ። ብርቄ ሚኒ ፈረስ አይደለችም።

የአሜሪካው የሚኒ ፈረስ ማህበር እ.ኤ.አ. በ1978 ሲቋቋም ያስቀመጠው ልክ 34 ኢንች ነው፤ ወደ 86 ሴንቲ ሜትር። የሚለካው ጋማው ከሚያልቅበት የመጨረሻ ፀጉር ጀምሮ ወደ መሬት ነው። ብርቄ ከዚያ በ26 ሴንቲ ትበልጣለች። የሀገራችን ፈረስ በአብዛኛው ከ1 ሜትር ከ20 እስከ 1 ሜትር ከ40 ይሆናል። ታዲያ እሷ ለምን አነሰች? ከገጠር የመጣች ትንሽ ባዝራ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ እናቷ ወተትና ስለ መጀመሪያው ክረምት ነው። ውርንጭላ ሳለች በደንብ ካልጠባች፣ ወስፋት ከወረራት፣ ገና አጥንቷ ሳይጠና ከተጫነች ትቀጭጫለች። የቀጨጨ ሰውነት ለልጅ አይተላለፍም። ልጇ በደንብ ከበላ ሦስት ዓመት ሲሞላው እናቱን ቁልቁል ሊያያት ይችላል። ከብርቄ ተነስተህ ሚኒ ፈረስ ለመድረስ ያንተ ዕድሜ አይበቃም፤ የልጅህም። የአርጀንቲናው ፋላቤላ ዘር ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ እጅ ስንት ትውልድ ፈጅቷል።

ደግሞም በአማርኛ «ድንክ ፈረስ» ስንል ሁለት ነገር እናምታታለን። አንደኛው ሚኒ ፈረስ ነው፤ ትንሽ ነው እንጂ መልኩ ሙሉ ፈረስ ነው፤ አንገቱ፣ እግሩ፣ ጭንቅላቱ ሁሉ በልኩ። ሁለተኛው ድንክነት ያለበት ፈረስ ነው፤ እሱ በሽታ ነው። ግንባሩ ይጎብጣል፣ የታችኛው መንጋጋ ይቀድማል፣ አንገቱ ያጥራል፣ ሆዱ ይንዘረጠጣል፣ እግሮቹ ይጣመማሉ። ቲክቶክ ላይ ሚሊዮን ሰው «ሲያምር!» የሚልለት ብዙውን ጊዜ ይኸኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ትንሿ ፈረስ ተብላ ጊነስ ላይ የሰፈረችው ተምቤሊና፣ ቁመቷ 44.5 ሴንቲ ሜትር፣ ድንክነት ነበረባት። እግሯን ለማቅናት ልዩ ጫማ ያደርጉላት ነበር።

ይህን በቅርብ አይቼዋለሁ። ሆላንድ ለተጨማሪ ትምህርት ሄጄ ሳለሁ በአንድ የሚኒ ፈረስ እርባታ ለጥቂት ወራት ሠርቻለሁ። አንድ ሌሊት ቁመቷ 82 ሴንቲ የሆነች ጥቁር ባዝራ አማጠች። ሃያ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለት እግር ወጥቷል፣ አፍንጫ የለም። ሚኒ ፈረስ ላይ የተለመደ ጣጣ ነው፤ ጭንቅላቱ ከዳሌዋ አንፃር ትልቅ ነው፣ ትንሽ ዘወር ካለ አይገባም። ከሰዎቹ ሁሉ እጄ ትንሽ ስለሆነ እኔን ጠሩኝ። ዳሌዋ ውስጥ አንድ እጅ ብቻ ነው የሚገባው፣ ሁለተኛ የሚሆን ቦታ የለም። ጣቶቼ መንጋጋውን አግኝተው እስኪመልሱት ክንዴ ደንዝዞ ነበር። ወጣ። ሕያው ነው። ጭዱ ላይ ተንደባለለ፣ አስነጠሰ። ባለቤትየው አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ።

ሲነጋ በብርሃን አየነው። ግንባሩ እንደ ቅል የተወጠረ፤ የፊት እግሮቹ ወደ ውስጥ የታጠፉ። ማንም ምንም አላለም። ቆመ፣ ጠባ፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ ይከተል ነበር። ባለቤትየው ስም አላወጡለትም። እኔ በሆዴ እንደ ሀገሬ ወግ የፈረስ ስም ሰጠሁት፤ አባ ጽና አልኩት። ምኒልክ አባ ዳኘው ከተባሉ፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ እሱም አንድ ቢኖረው ምናለበት ብዬ። ሰባት ወር ሲሞላው መሮጥ ቀርቶ ሲራመድ ያቃስት ጀመር። ሲተነፍስ ከበር ውጭ ይሰማል። በመርፌ አሳረፉት። መርፌውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

እናትና አባቱ የሚያማምሩ ነበሩ፤ ሁለቱም በውድድር ዋንጫ የበሉ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ይህ ድንክነት የሚመጣው አግሪካን ከሚባል ዘረ መል ጉድለት ነው፤ እስካሁን አራት ዓይነቱ ታውቋል። ጉድለቱን ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰ ፈረስ ተሸካሚ ይሆናል እንጂ አይታይበትም። ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ ግን ከአራት አንድ ዕድል ውርንጭላው ድንክ ይሆናል፣ ወይ ገና በሆድ ሳለ ይጨነግፋል። ከጋማው ሥር ጥቂት ፀጉር ከነሥሩ ነቅሎ ውጭ አገር ላቦራቶሪ መላክ ነው ምርመራው። ባለቤትየው አላስመረመሩም ነበር። «ከትንሽ ትንሽ» እያሉ ነው የመረጡት፤ እያሳነሱ ሲሄዱ ሳያውቁት ጉድለቱንም አብረው መረጡት። የጓደኛህን ምክር ስሰማ የታየኝ እሱ ጋጣ ነው።

አንድ ሰው ከውጭ ላስመጣልህ ብሎህ ይሆናል፤ ባይልህም ይላል። ሁለት ነገር ጠይቀው። የዘረ መል ውጤቱን አሳየኝ በለው፣ የሁለቱንም። ሁለተኛ፣ ስለ አፍሪካ የፈረስ በሽታ ምን አስበሃል በለው። ከትንኝ በምታንስ ነፍሳት የሚተላለፍ በሽታ ነው። በሽታው ከሌለበት አገር የመጣ ፈረስ ምንም መከላከያ የለውም፤ ክፉው ዓይነት ከያዘው ከአስሩ ዘጠኙ ሊሞት ይችላል። አንድ ደንበኛ በአንድ ክረምት ማግስት ሁለት ሚኒ ፈረስ በአራት ቀን ውስጥ አጥቷል። ጠዋት ደህና የነበረ ማታ ከአፍንጫው አረፋ ይወጣል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ግን ቀድሞ መከተብ አለበት፣ እርጉዝ ባዝራ ደግሞ አይሰጣትም።

ለልደት የሚለውን ሐሳብህን ብዙም አልወደድኩትም። ሚኒ ፈረስ ክብደቱ ከ100 ኪሎ ብዙም አያልፍም። ፈረስ ከራሱ ክብደት 20 በመቶ በላይ ባይሸከም ነው የሚሻለው። የአስር ዓመት ልጅ ኬክ በልቶ ሲወጣበት አስበው። ብርቄ ግን ልጅህን ያለ ችግር ትሸከማለች። የምትፈልገው ትንሽ ፈረስ እጅህ ላይ አለች።

ስለዚህ ልሞክር ወይ ላልከው መልሴ አዎ ነው። ሚኒ ፈረስ ለማግኘት ብለህ ግን አይደለም። ከብርቄ አንድ ጤነኛ ውርንጭላ ለማየት ከሆነ አብሬህ አለሁ። ቸኩለህ ግን አታስጠቃት። መጀመሪያ ማህፀኗ ይታይ፤ ናሙና ተወስዶ ባክቴሪያ መኖር አለመኖሩ ይመርመር። ዳሌዋንም እለካለሁ፤ የቀጨጨች ከሆነ ሊጠብብ ይችላል። ከንፈረ ብልቷ በደንብ የማይገጥም ከሆነ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ምናልባት በሽታው የገባው በዚያ ነው። ቀላል ስፌት አለው። ክትባቷ ከመጠቃቷ በፊት ያልቃል። ከተጠቃች በሁለት ሳምንት በአልትራሳውንድ እናያታለን፤ መንታ ከሆነ ያኔ ነው የሚታወቀው።

ምግቧን አታብዛ፣ ከሁሉ በላይ ግን አታስርባት። ድርቆሽ ሁሌ ፊቷ ይኑር። የሣሩን ማለቴ ነው፤ የእንጀራውን ድርቆሽ ለአንተ ተወው። ትንንሽ ፈረሶች በእርግዝናቸው መጨረሻ ላይ አንድ ሁለት ቀን ምግብ ከተዉ የሰውነታቸው ስብ በአንዴ ወደ ደም ይጎርፋል፤ ጉበታቸው አይችለውም። ደማቸውን ስትቀዳ የደሙ ውሃማ ክፍል ወተት ይመስላል። ስለዚህ «ዛሬ ትንሽ ቀንሳለች» የምትለው ቀን ደውልልኝ፣ ነገን አትጠብቅ። ወፍራም ናት ብለህም በእርግዝናዋ አታክሳት።

ሌሊቱን በተመለከተ፣ ባዝራ ሰው ሲተኛ ነው የምትወልደው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋት ተራ ግቡ። ጋጣው በር ላይ አንድ ፌስታል ይሰቀል፤ መቀስ፣ ንጹሕ ፎጣ፣ ለእትብቱ አዮዲን፣ ባትሪ። በስልክህ መብራት አትተማመን፣ መብራት ሄዶ ቻርጅ ያላደረግክበት ሌሊት ነው የምትወልደው። ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ሃያ ደቂቃ ውስጥ፣ ቢበዛ ሠላሳ፣ መውጣት አለበት። አስር ደቂቃ አምጣ ምንም ካልታየ ደውል። ከወጣ በኋላ በአንድ ሰዓት ይቆማል፣ በሁለት ይጠባል፣ በሦስት የእንግዴ ልጁ ይወርዳል። አንዱ ከዘገየ ደውል። የእንግዴ ልጁን አትጣለው፣ በባልዲ ውሃ አስቀምጥልኝ፤ እሱን ማየት እፈልጋለሁ። የሚያዝያው ፎቶ ካለህም ላክልኝ።

ብርቄን መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ መጥቼ አያታለሁ። ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ ጥር ላይ ብትጠቃ ታህሳስ ላይ ትወልዳለች። ብርድ ነው፣ ጭዱን ታበዛለህ፤ ግን ደረቅ ነው፣ ነፍሳቱም ጥቂት ናቸው። ልጅህ መቁጠር ከፈለገች ከጥር ትጀምር። አስራ አንድ ወር ነው በላት፤ አስራ ሁለትም ሊጠጋ ይችላል።